የሻይ ዝምድና

ጠበቃ ሆኖ የሥልጠና ጥሪ የማይደርሰው የለም። ርእሱ አንዳንዴ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ፣ አንዳንዴ የግልግል ዳኝነት፣ አንዳንዴም የጥብቅና ድርጅት አመራር ይሆናል። ቦታው መቼም ሆቴል ነው። በር ላይ ስማችን የተጻፈበት ካርድ በአንገታችን ይንጠለጠላል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደለናል፤ ከዚያም ቁጭ ብለን እናዳምጣለን። በመርሐ ግብሩ ላይ ግን ሁላችንም አስቀድመን የምንፈልጋት አንዲት መስመር አለች፤ «የሻይ ዕረፍት፣ 30 ደቂቃ» የምትል። አልዋሽም፤ የእኔም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያችው ላይ ነው።

ብዕሬን ያነሣሁት ሥልጠናን ለመንቀፍ አይደለም። በአገራችን ጠበቃ ለብዙ ዘመን ብቻውን የሚሠራ ሰው ነበር። አንዲት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ፣ ከቀናውም አንዲት ጸሐፊ። ጠበቆች ተሰባስበው በድርጅት መልክ እንዲሠሩ በሩን የከፈተው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ይኸው አዋጅ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ፤ ተከታታይ የሕግ ሥልጠናንም ከጠበቃው ግዴታዎች መካከል አስገባ። በአሜሪካ ይህን ግዴታ ከሁሉ ቀድማ የደነገገችው የሚኒሶታ ግዛት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1975። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠበቃው ባለማወቁ ቤቱን የሚያጣው ደንበኛው ነው። እኔ ራሴ ከእንዲህ ያለ አዳራሽ ይዤው በወጣሁት አንድ የይርጋ ነጥብ አንድ አባወራ ከዕዳ ድኗል። ስለዚህ ከመድረኩ ጋር ጠብ የለኝም። ነገሬ ከሻዩ ጋር ነው።

ከሻዩም ጋር ቢሆን በጅምላ አልጣላም። አምስት ዓመት የተጓተተ የወንድማማቾች የውርስ ክርክር ነበረኝ። የተቃራኒው ወገን ጠበቃና እኔ በችሎት ስንጎሻሸም ኖረን፣ በአንድ ሥልጠና ላይ አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። ሳምቡሳውን እየቆረሰ፣ «እነዚህን ወንድማማቾች እስከ መቼ ነው የምናናክሳቸው?» አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ አስታረቅናቸው። ያ ዕርቅ በችሎት አዳራሽ ውስጥ ከቶ አይገኝም ነበር።

በእንግሊዝ አገርም ነገሩ ጥንታዊ ነው። ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕልና ሚድል ቴምፕል ከሚባሉት አራት የሕግ ማኅበራት ባንዱ ገብቶ የተወሰኑ እራቶችን ከባልንጀሮቹ ጋር ያልበላ ተማሪ፣ ባሪስተር ለመባል አይበቃም ነበር። አብሮ ማዕድ መቁረስ የትምህርቱ አካል ነበር ማለት ነው። እነዚሁ ሰዎች በችሎት ተቃራኒያቸውን «የተማረው ወዳጄ» እያሉ ይጠሩታል። ይሁንና እርስ በርሳቸው እጅ ለእጅ ያለመጨባበጥ የቆየ ልማድም አላቸው። ለልማዱ የሚሰጠው ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ፣ ደንበኛው ቆሞ እያየ ነውና የሚለው ነው።

ቆሞ የሚያየው ሰው። ወደ ራሴ ጉዳይ የሚያገባኝም እሱ ነው።

ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል። አንዲት አሮጊት በተከሳሽነት የቆሙበት የቤት ክርክር ይዤ ነበር፤ እኔ የከሳሹ ጠበቃ ነኝ። እሳቸው ጠበቃ አልነበራቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው፣ ከሁላችንም ቀድመው ይመጣሉ። በሁለት ቀጠሮ መካከል አንድ ሥልጠና ተካሄደና እኔም ሄድኩ። በሻይ ዕረፍቱ ቡና ልቀዳ ስጠጋ አጠገቤ የቆሙት የዚያው ችሎት ዳኛ ሆነው አገኘኋቸው። ስለ መዝገቡ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አወጋን፤ የመንገዱን መጨናነቅ አማን፤ እሳቸው ስኳሩን አቀበሉኝ፣ እኔ ማንኪያውን። ይኸው ነው። የተጣሰ ሕግ የለም።

በቀጠሮው ዕለት ወደ ችሎት ስገባ ዳኛው ቀና ብለው በዓይናቸው ሰላም አሉኝ። ፈገግታ ብጤም ነበረችበት። እኔም ጎንበስ አልኩ። አሮጊቷ ይህን አዩ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ዘመዳቸው ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም እማማ። ሥልጠና ላይ ተገናኝተን ነው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ሥልጠናው ለእኛም አለ?» አሉ።

ፌዝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። ፌዝ አልነበረም። እንደ ቀበሌ ስብሰባ የትና መቼ እንደሚካሄድ ብነግራቸው የሚመጡ ዓይነት ነበሩ። ያጉተመተምኩትን ዛሬ አላስታውሰውም።

ፍርዱ ለደንበኛዬ ወጣ። ዛሬም መዝገቡን ገልጬ ሳየው ትክክል ነው እላለሁ፤ ሰነዱ ከእኛ ጋር ነበር። ይሁን እንጂ በይግባኝ ቢመጣብኝ ብዬ የፈራሁት አንድ ነጥብ ነበረ። ለደንበኛዬም እንኳ አልነገርኩትም። አሮጊቷ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን ነበራቸው። ቀኑን በጣቴ ስቆጥር ከረምኩ፤ ስልሳው አለፈ። ለአፈጻጸም ስንሄድ የጎረቤት ልጅ ምክንያቱን ነገረኝ። «እዚያም የሚያውቀው አይጠፋም፤ እኔ ሰው የለኝም» ብለው ትተውት ኖሯል።

እንግዲህ ፍርዱን ያጣመመ ሻይ የለም ብዬ ብምል ምሕላዬ እውነት ነው። ሻዩ ያጠፋው ሌላ ነገር ነው። አንዲትን ሴት ከይግባኝ በር መለሳት። ዳኛው ንጹሕ ነበሩ፤ እኔም ንጹሕ ነበርኩ፤ የሁለታችን ንጽሕና ግን ለእሳቸው የሚታይ አልነበረም። የታየቻቸው አንዲት የዓይን ሰላምታ ናት። ሕጋችን ዳኛ ከችሎት የሚነሣበትን ምክንያት ሲዘረዝር የሥጋ ዝምድናን ያውቃል፤ የጋብቻን ዝምድና ያውቃል፤ ለሌላ በቂ ምክንያትም በር ትቷል። የሻይን ዝምድና በስሙ አይጠራውም። እንዴትስ ይጠራዋል? አንድ ስኒ ያዛምዳል ቢባል በዚህ ከተማ መዝገብ የሚያይ ዳኛ አይገኝም።

«ሰው የለኝም» የምትለዋ አነጋገር በቋንቋችን ውስጥ ተራ ናት። ሰው ያለው መሥሪያ ቤት ገብቶ ይወጣል፤ ሰው የሌለው ደጅ ይጠናል። የጥብቅና ሙያ የተፈጠረው ለዚያች አነጋገር መልስ እንዲሆን ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ለሌለው ሰው መሆን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አቅም ለሌላቸው እንዲያገለግል የደነገገው በዚሁ መንፈስ ነው። በዚያ ዓመት በሆቴል አዳራሾች የተቀመጥኩበትን ሰዓት አንድ ማታ ደመርኩት። ከሃምሳ በልጦ ተገኘ። የቀረውን ድምር አልደመርኩም።

ይህን ሁሉ የጥብቅና ድርጅት ለሚያስተዳድር አንድ ወዳጄ አጫወትኩት። ሳቀብኝ። «ዳኛ ሰው ነው» አለኝ። «ጓዳ ዘግታችሁ አስቀምጡት ነው የምትለው? ካልተገናኘን እኮ የምንኖረው በሐሜት ነው። እኔ ደግሞ ወጣት ጠበቆቼን እዚያ የምልከው እንዲታወቁ ነው። የማይታወቅን ጠበቃ ማን ይቀጥረዋል?» ንግግሩ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ሰውን ሳያውቅ የሚፈርድ ዳኛ የተሻለ ዳኛ ይሆናል ብዬ አላምንም። ደግሞም ውሻ በበላበት ይጮሃል የሚለው ተረት ለአንድ ሳምቡሳ የሚጠቀስ አይደለም።

በበላ ልበልሃው ዘመን ሙግት የሚካሄደው በአደባባይ፣ ሰው ተኮልኩሎ እያየ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ነበር። መንገደኛ እንኳ ቁም ተብሎ ይዳኛል። ያን ዘመን አላመልከውም፤ ባለጉልቱ በገባሩ ላይ ራሱ ዳኛ የሚሆንበት ዘመን ነው። ነገር ግን ከማን ጋር ማን እንደሚበላ አገር ያውቅ ነበር። የእኛ አዳራሽ በር አለው፤ በሩ ላይ የስም ካርድ አለ፤ በብዙዎቹም ላይ የመመዝገቢያ ክፍያ አለ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ጀማሪ ጠበቃ እንኳ የአውቶቡስና የአልጋውን አስቦ ይቀራል። ባለጉዳዩማ ከናካቴው አይታሰብም። እኔን የሚያስጨንቀኝ መተዋወቃችን ሳይሆን፣ የምንተዋወቀው ሌላው ወገን ሊያየውም ሊገባበትም በማይችል ቦታ መሆኑ ነው።

መፍትሔ መስሎኝ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሌላ መዝገብ ላይ፣ ተቃራኒዬ እንዲሁ ጠበቃ ያልያዘ ሰው በሆነበት፣ ተነሣሁና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው ወር በአንድ ሥልጠና ላይ ከፍርድ ቤቱ ጋር አብረን ተቀምጠን እንደነበር ተከራካሪው ወገን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ» አልኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ይናገራል። ተቃራኒዬ ግን ግራ ተጋብቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ምን እንደሰጠሁት ለሁለታችንም ግልጽ አልነበረም። የባሰው ከውጭ ጠበቀኝ። ደንበኛዬ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ምን ነካህ?» አለኝ። «አንተን የያዝኩህ እኮ ሰው ታውቃለህ ተብዬ ነው!»

ውሉን አፍርሶ ሄደ። ወዳጄ ሲሰማ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም፤ ሌላ ደንበኛ ላከልኝ እንጂ። ያ ደንበኛም ገና ቁጭ ሳይል የጠየቀኝ ስለ ሕጉ አልነበረም። ችሎቱን የያዙትን ዳኛ አውቃቸው እንደሆነ ነው።

ትናንት አዲስ የሥልጠና ጥሪ ደረሰኝ። ርእሱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ነው። ተመዝግቤአለሁ፤ አሠልጣኙ ይህን ጉዳይ ካነሡ ለመጠየቅ የማስበው ነገር አለ። በሻይ ዕረፍቱ እኚያ ዳኛ አጠገቤ ቢቆሙ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ሰላም መንሳት ነውር ነው። ስኳሩንም ሳላቀብላቸው አልቀርም። ከዚያ በኋላ ወደ ችሎታቸው ስገባ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ግን እስካሁን አልወሰንኩም።