መልክዓ ምድርና ጥርስ

አዳማ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። አዋሽን በእግሩ እየተከተለ ፎቶ ያነሳል። በአንድ ጉዞ ሳይሆን በየምዕራፉ ነው። አንዱን ቅዳሜ ከቆቃ ግድብ ሥር ተነስቶ ወንጂ ይደርስና ማታ በሚኒባስ አዳማ ይገባል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ካቆመበት ከወንጂ ይነሳና ወደ መልካሳ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከመልካሳ ወደ ሶደሬ። (በነገራችን ላይ ምዕራፍ የሚለው ቃል መነሻው የመጽሐፍ ክፍል ሳይሆን ማረፊያ ነው፤ "ዐረፈ" ከሚለው ግስ የወጣ። ወዳጄ ሳያስበው ቃሉን ወደ ቤቱ መልሶታል።) አዋሽ ከጊንጪ በኩል ካሉት ተራሮች ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። እንዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሄደ መቼ እንደሚያልቅ እንጃ።

ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ያምራሉ፤ አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ጭጋግ የለበሰ የሸንኮራ አገዳ፣ በግራር መሀል የሚያበራ ውሃ፣ ከሩቅ የቆመ ተራራ። ሰው ግን የለባቸውም። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ አንድም ሰው! ብጠይቀው "እኔ የማነሳው መልክዓ ምድር ነው፤ የሰው ፎቶ የፈለገ ስቱዲዮ ይሂድ" አለኝ። ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀኝም። በዚህ የአዋሽ ዳር ሰው ሳያጋጥም ብዙ መሄድ ይቸግራል እኮ። አገዳ ቆራጩ አለ፣ ከብት አጠጪው አለ፣ ልብስ የምታጥበው አለች፣ በሞተር ውሃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣው አለ፣ "ጋሼ፣ አንሳኝ!" እያለ የሚከተለው ሕፃን አለ። እዚያ ሰው የሌለበት ፎቶ ለማግኘት መድከም ያስፈልጋል። እስኪያልፉ መጠበቅ፣ ዞር ማለት፣ አንዳንዴም "እስቲ ወዲያ በሉልኝ" ማለት። እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ማስቀረት መዋሸት ነው ወይ?

ቶሎ "አዎ" የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልልም። ፎቶ ጠርዝ አለው፤ ጠርዝ ያለው ነገር ሁሉ የሚያስቀረው አለ። ደግሞም ወዳጄ ብርቱ መከላከያ አለው። በ1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን አስለቀሰ፣ እርዳታ አስመጣ፣ ሰው አተረፈ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት የውጭ ሰው "ኢትዮጵያ" ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ያ ምስል ብቻ ሆኖ ቀረ። እዚያ ደግሞ ሰው ሞልቶ ምድሩ ጠፋ፣ ሰውየውም ከረሃቡ በስተቀር ምንም ሳይኖረው ታየ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ "እስቲ ደግሞ ውበታችንን እዩ" ብሎ ካሜራ ቢያነሳ ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ ከመኪና ወርዶ በእግሩ መሄዱ ላይ ነው። ቆቃን እንውሰድ። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቆ፣ ወንዙ ተገትሮ ሐይቅ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ እንደ ሐምሌ ሣር ያለ አረንጓዴ። በአሮጌው የሐዋሳ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ያነሳዋል፣ ለዘመድ ወዳጅ ይልከዋል፤ ምንም ጥፋት የለበትም። ያየውን ነው ያነሳው። ያ አረንጓዴ ግን የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ በአቃቂ ወንዝ፣ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ በሞጆ ወንዝ የሚመጣው ውሃ፣ ከማሳ ከሚታጠበው ማዳበሪያ ጋር የሚቀልበው ጥቃቅን ዋቅላሚ ነው። ከዓይነቱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያወጣ አለበት። ከብት ይጠጣዋል፤ ሌላ ውሃ የሌለው ሰውም ይጠጣዋል። ካሜራ ሽታ አያነሳም። በእግሩ የሄደ ሰው ግን ሽታውን ያውቀዋል፣ ከዓሣ አጥማጁ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ጠጥቷል፣ ውሃውን ስለሚጠጡት ልጆች ሰምቷል። እና ይሄ ሰው ጀልባዋ ከፊቱ ዞር እስክትል ጠብቆ፣ አረንጓዴውን ብቻ አንስቶ፣ "የቆቃ ውበት" ብሎ ቢያወጣው ከባለመኪናው ጋር እኩል ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ፎቶው ያው ሊሆን ይችላል፣ ልዩነቱ እንኳ ላይታይ ይችላል፤ አንሺው ግን አንድ አይደለም። ሳያውቁ ማስቀረት ጠርዝ ነው። አውቆ ማስቀረት ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ይጠየቁበታል።

መልክዓ ምድር የምንለውን ቃል እስቲ ልብ እንበለው። የምድር መልክ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥነ ጽሑፍ "መልክዕ" የሚባል የታወቀ የድርሰት ዓይነት አለ፤ ቅዱሱን ወይም ቅድስቲቱን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር፣ ክፍል በክፍል፣ እየተሳለሙ የሚያወድሱበት። ደራሲው ዓይንን ብቻ አወድሶ አይሄድም፤ ጥርሱም፣ ክርኑም፣ ተረከዙም ድርሻ ድርሻቸውን ያገኛሉ። እያንዳንዱ በሰላምታ ነው የሚጀመረው። የእኛ የዘንድሮ መልክዕ ደራሲዎች ግን ዓይኑን ወስደን ጥርሱን እንተዋለን።

ጥርስ ያልኩት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. የሆላንዶቹ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ ከየአቅጣጫው ሰው የተሰበሰበበት ምድር ነው። ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ነውና ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳያልፍ ይመክራል፤ በዚህ ምድር ከዚያ እጥፍ ድርብ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ያንን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይጠይማል፣ ይቦረቦራል፤ ለብዙ ዓመት የጠጣው ሰው አጥንቱና ወገቡ ይደርቃል። ፎቶ አንሺ መጥቶ "ፈገግ በሉ!" ሲል አንዳንዱ ከንፈሩን ይገጥማል፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ይሄ እንግዲህ መልክዓ ምድር ነው። ምድሩ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ታትሟል። ተራራውን አንስቶ "ስምጥ ሸለቆ" ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ የልጅቷን ጥርስ ያነሳ ሰውም ስምጥ ሸለቆን ነው ያነሳው።

ታዲያ ያንን ጥርስ እንዲያነሳ ነው የምፈልገው? ኧረ እግዜር ያሳያችሁ! ልጅቷ አፏን የሸፈነችው እኮ እንዳይነሳባት ነው። አፏን ገልጦ ማንሳት የኮረሙን ነገር መድገም ነው። መሸፈኗን ግን ማንሳት ይቻላል፣ ከፈቀደች። ካልፈቀደች ደግሞ ካሜራውን ከረጢት ውስጥ መክተት ይቻላል። "አካም ጅርቱ" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለመልሱ ቆሞ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ተራራ ራሱ ሌላ ተራራ የሚሆን ይመስለኛል፤ ሰው ባይኖርበት እንኳ። ይሄን ማስረዳት አልችልም፣ ግን አምናለሁ።

ሰው የሌለበት ፎቶ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም በ2017 ዓ.ም. አይተናል። ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ የተሰነጠቀ አስፋልትና ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት በየስልኩ ተዛመተ። በዚያ ፎቶ ሰው የሌለው አንሺው ስላስቀረው አልነበረም፤ ከመተሐራና ከአዋሽ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ትቶ ስለወጣ ነው።

በምዕራፍ ከተሄደ ደግሞ መመለስ አለ። አንድ ጊዜ አልፎ የሚሄድ ሰው ዕዳ የለበትም፣ ወይም ያለበት አይመስለውም። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለደ፣ ይህንኑ አዋሽ በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ እስከ አቤ ሐይቅ የተከተለ ሰው ነው። ወንዙ የት እንደሚያልቅ ያን ጊዜ ለአውሮፓውያን እንቆቅልሽ ነበር፤ ለአፋሮቹ ግን የቤታቸው ጓሮ። ከእሱ ፎቶዎች የተሰበሰበው ሀብት ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ውስጥ በክብር ተቀምጧል። በጎ ነው፤ ባይቀመጥ ይጠፋ ነበር። ሆኖም ካሜራ ፊት የቆሙት ሰዎች የልጅ ልጆች የአያታቸውን ፊት ለማየት የት ይሂዱ? ወዳጄ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው መልካሳ ላይ ነው ከሚኒባስ የሚወርደው። "አንተ ልጅ፣ ያ ፎቶ የታለ?" የሚሉት አባት እዚያው ናቸው።

ድሮ ሶደሬ ውስጥ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ዋናተኛውን አንስተው፣ ቀብድ ተቀብለው፣ አጥበው ያመጣሉ። ሥራቸውን ማንም ጥበብ አላለውም። እነሱ ዘንድ ግን የተነሳው ሰው አንድ ትልቅ መብት ነበረው፤ ፎቶውን በእጁ ይዞ "ይሄ እኔ ነኝ? አይመስልም፣ ድገመኝ" ማለት ይችላል። አንሺውም እያጉረመረመ ይደግማል። የቆቃው ዓሣ አጥማጅ ያንን አረንጓዴ ፎቶ ታትሞ ቢሰጡት ምን እንደሚል ማሰብ እወዳለሁ። ምናልባት አገላብጦ ያየውና "ውሃችን እንዲህ ያምራል እንዴ?" ብሎ ይስቃል። ምናልባትም ቀና ብሎ "ጀልባዬስ?" ይላል።