የእጁን ሥራ ወድዶ ሠሪውን መሸሽ

«ሰንጢ» ሲባል በከተማ ሰው ጆሮ የሚገባው ደስ የማይል ነገር ነው፤ ጨለማ መንገድ፣ ቀማኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ። በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ባሉት መንደሮች ግን ሰንጢ ሌላ ሕይወት አላት። እረኛው ለዋሽንት ሸምበቆ ይቆርጥባታል፤ ገበሬው የጅራፉን ጠፍር ያስተካክልባታል፤ ልጆች ሸንኮራ ይልጡባታል። የቁም ጸሐፊውም የመቃ ብዕሩ ሲዶለዱም ጫፉን መልሶ የሚቀርጸው በእሷ ነው። ዳዊቱም ገድሉም ከመጻፉ በፊት አንድ ስለት በአንዲት መቃ ላይ አልፏል ማለት ነው።

እኔ እነዚህን በእጅ የተሠሩ ሰንጢዎች እሰበስባለሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከአማኑኤል፣ ከሉማሜና ከብቸና ገበያዎች የለቃቀምኳቸው ናቸው። ሰዎች ሲያዩዋቸው «ምን ያደርጉልሃል?» ይሉኛል፤ መልሱ ቀላል ነው፣ ያምራሉ። የሚያስቸግረኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የአንድን ሰው የእጅ ሥራ ከልብ እየወደዱ ሰውየውን መሸሽ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ፣ ያ መውደድ ምን ዓይነት መውደድ ነው?

በመጀመሪያ ስለ ሥራዋ ላውራ። የሰንጢ ስለት ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ነገር ይወጣል፤ ከመኪና ባሌስትራ፣ ካረጀ ሞረድ፣ ከተሰበረ መጋዝ። ወናፉ ይነፋል፣ ከሰሉ ይቀላል፣ ብረቱ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል። ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ እንደዚያው ከተተወ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ መልሶ በለዘብተኛ እሳት ማለዘብ ያስፈልጋል፤ መጠኑን የሚነግረው የብረቱ ቀለም ብቻ ነው። እጀታው ከበሬ ቀንድ ነው። ቀንድ በእሳት ዳር ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ያኔ ይቃናል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል፣ ስለቱ የሚተኛበት ቦታ ይበጅለታል።

ትልቁ ጥበብ ግን ሁለቱን በምታገናኘው ትንሽ ሚስማር ላይ ነው። ሰንጢዋ መቆለፊያ የላትም። ሚስማሯ ከጠበቀች ሰንጢዋ አትከፈትም፤ ከላላች ደግሞ በሥራ መሐል ታጠፍና የባለቤቷን ጣት ትቆርጣለች። ትክክለኛው ልክ በዓይን አይታይም፤ በእጅ ነው የሚታወቅ። ደጋግመው ከፍተው ሲዘጓት የሚሰማው ያ ለስላሳ እምቢታ የሠሪው ፊርማ ነው። እንግዲህ ሰንጢ የገዛ ሰው ሁሉ ሳያስበው ጣቱን ለቀጥቃጩ አደራ ሰጥቷል።

አደራውን የተቀበለው ሰው ማን ነው? በአገራችን ስሙ ብዙ ነው፤ ባለ እጅ፣ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ። ከዚያም ስም ያልሆነው ስም ይመጣል፤ ቡዳ። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ኖሯል። ከሱ ቤት ሚስት አይወሰድም፣ ለሱም አይሰጥም። በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ማን እንደሚሄድ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያለሱ ጤፍም ስንዴም እንደማይዘራ ያውቃል። ግን እሱ ሲያልፍ ሌማቱን ይከድናል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፣ በእስራኤል አገር ቀጥቃጭ ጠፍቶ ሕዝቡ ማረሻውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን እንደ ወረደ ተጽፏል። ቀጥቃጭ የሌለው አገር በጠላቱ እጅ ነው ማለት ነው። ይኼን ታሪክ ስናነብ የኖርን ሰዎች ነን እኮ በደጃችን ያለውን ቀጥቃጭ የፈራነው!

ነገሥታቱም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ለማስቀለጥ የፈረንጅ ባለ እጆችን ይዘው ደከሙ። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ ማዋረድ ይቅር የሚል ነው። እኔን የሚገርመኝ ቀጥቃጩና ጸሐፊው በአንድ አዋጅ መገናኘታቸው ነው፤ ሰንጢውን የሠራውም፣ በሰንጢው ብዕር የቀረጸውም በአንድነት ተሰድበዋል። በ1967 ዓ.ም. የመጣው የመሬት አዋጅም ራሱ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬትን ከፈተ። ሕጉ በሩን ከፍቷል እንግዲህ። ሌማቱ ግን በአዋጅ አይከፈትም።

ለምን? «ድንቁርና ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ይኼ መልስ አያጠግበኝም። ተራ ድንቁርና ቢሆን የማንፈልገውን ሰው ነበር የምንርቀው። እዚህ ግን የራቅነው ያለሱ መኖር የማንችለውን ሰው ነው። ብረትን እንደ ሊጥ የሚያለሰልስ ሰው ከኛ የሚበልጥ ነገር አለው፤ ይህን አምኖ መቀበል ደግሞ ባለ ርስት ነኝ ለሚል ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ችሎታውን ወደ ምትሃት፣ ምትሃቱን ወደ ክፋት አዞርነው። ንቀት የመሰለን ነገር ብዙውን ጊዜ ውለታ መክፈል ያልፈለገ ሰው ፍርሃት ነው።

ታዲያ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ነው ወይ? በሌላው ዓለም በእጅ የተሠራ ታጣፊ ቢላ ትልቅ ክብር አለው። የፈረንሳይ ላጊዮል፣ የጃፓኗ ሚኪ ከተማ በታጣፊ ቢላዋዎቻቸው ይታወቃሉ። በአሜሪካ ቢላ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል፤ ገዢ የታወቀ ሠሪን ሥራ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፣ ስለቱም ላይ የሠሪው ስም ይቀረጻል። ይህን የሚያውቅ ሰው «እኛም ስማቸውን እናስቀርጽ፣ ዋጋውን ከፍ እናድርግ፣ ነገሩ ያልቃል» ይላል። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው አይደል የሚባለው?

እኔም አንዱን ቀጥቃጭ ጠይቄ ነበር። «ጋሼ፣ ስምዎንና ቀበሌዎን ከሰንጢዋ ጋር ብጽፈው ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ መለሱልኝ፦ «ሥራዬን ጻፍ፣ ወንድሜ። ስሜን ተወው። ልጄ ገና አላገባችም።»

ይኼ መልስ የሰብሳቢውን ቀላል ፍልስፍና ያፈርሰዋል። ሌላ አገር ክብር የሆነው ስም እዚህ በሰው ልጅ ትዳር ላይ የሚመዘዝ ስለት ነው። ካልጻፍኩት ሥራው አባት እንደሌለው ልጅ ይቀራል፤ ንቀቱም ሳይነካ ይኖራል። ከጻፍኩት ደግሞ የፍትሕን ዋጋ የምትከፍለው እኔ ሳልሆን የሳቸው ልጅ ናት። በሌላ ሰው ኪሳራ ደፋር መሆን ድፍረት አይደለም። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም። ግን እዚህ ላይ ማረፍም አይቻልም። ስማቸውን መደበቅ የሳቸው ምርጫ ቢሆንም፣ ምርጫቸውን እንዲህ ያጠበበው የኛ አኗኗር ነው።

እንግዲያው መውደድን በምን እንለካው? በገንዘብ ብቻ አይለካም፤ ማረሻ የሚያሾለው ገበሬም ይከፍላል። በማድነቅም አይለካም፤ ሰንጢዬን እያገላበጡ «እንዴት ያምራል!» የሚሉ፣ ቀጥለውም «የማን ሥራ ነው?» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች አውቃለሁ። የቡዳ ፍርሃት ሁሉ የሚያጠነጥነው በምግብ ላይ ነው፤ በማን ፊት ይበላል፣ ከማን ቤት ይበላል በሚለው። ስለዚህ መለኪያውም እዚያው ነው ባይ ነኝ። ሰንጢውን የወደደ ሰው ከሠሪው ቤት ቡናውን ጠጥቶ፣ እንጀራውን ቆርሶ ይነሳ። እሱም ሲመጣ ሌማቱን አይክደን። ልጆቹም ይኼን ይዩ፤ የሳቸው ልጅ የምትታጨው ይህን እያዩ ካደጉ ቤቶች ነውና።

ሌላው መለኪያ ሰንጢዋን መጠቀም ነው። ብዙ ሰብሳቢ ስለቱ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ያልተነካች ሰንጢ አትዶለዱምም፣ ሚስማሯም አይላላም፤ ባለቤቷም ሠሪውን ዳግመኛ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ግዢው ሲያልቅ ግንኙነቱም ያልቃል። የምትሠራ ሰንጢ ግን በዓመት አንዴም ቢሆን መሳልና መጥበቅ ትፈልጋለች። የኔዎቹ ሁሉ ሸንኮራ ይልጣሉ፣ ገመድ ይቆርጣሉ፣ እርሳስ ይቀርጻሉ። ሲዶለዱሙ ወደ ወናፉ ቤት ይመለሳሉ፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ጋሼ ሚስማሯን እስኪያጠብቁ ቡናው ይፈላል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከሰል ዋጋ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት እናወራለን።