መኪናዋ ዛሬ የማን ናት?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን፣ ጠያቂውን አስፈቅጄ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ሐበሻ ወንድማችን ነው። ቤተሰቡ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ እሱ ግን ለወራት ከአገር ውጭ ተመድቧል። መልዕክቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ኡስታዝ፣ እህቴ ቤት ደጃፍ የቆመች ኮሮላ አለችኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የገዛልኝ ናት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በሱ ስም ለሰደቃ ልሰጣት ነይቻለሁ፤ ለእህቴም በቴክስት ነግሬያታለሁ። ስመለስ እጨርሰዋለሁ። ካልተመለስኩም ኒያዬን አላህ ያውቀዋል አይደል?»

(ስለ ውትድርናው አስተያየት ለመጻፍ የተዘጋጃችሁ ወንድሞች፣ እባካችሁ ቆዩ። የጠየቀን ስለ መኪና ነው።)

አዎ፣ አላህ ያውቀዋል። መልካም ሥራ ሊሠራ አስቦ ሳይሠራው ለቀረ ሰው ሙሉ ምንዳ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለ ኒያው አልሰጋም። የምሰጋው ስለ መኪናዋ ነው። አላህ አያድርገውና ይህ ወንድም ባይመለስ፣ ያቺ ኮሮላ የማን ናት? የሚስኪኑ ናት ወይስ የወራሾቹ?

አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) ለልጃቸው ለአዒሻ (ረ.ዐ) በአል-ጋባ ከነበራቸው የተምር እርሻ ሃያ ወስቅ ሰጥተዋት ነበር። በቃል ሰጥተዋታል፤ እሷ ግን ቆርጣ አልወሰደችም። ሞት ሲቀርባቸው ጠሯትና ከሳቸው በኋላ ሀብታም ሆና ሊያዩ የሚወዱት እንደሷ ያለ ሰው እንደሌለ ነገሯት። ቀጥለውም ያንን ተምር ቆርጠሽ ተረክበሽው ቢሆን ኖሮ ያንቺ ነበር፣ ዛሬ ግን የወራሾች ነው፣ ከሁለት ወንድሞችሽና ከሁለት እህቶችሽ ጋር በአላህ መጽሐፍ መሠረት ተካፈሉት አሏት። አዒሻ ግራ ገባት፤ የምታውቀው አንዲት እህቷን አስማን ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋ ማን ናት? አባቷ ገና በሚስታቸው ማሕፀን ስላለ ጽንስ ነበር የሚናገሩት፤ ሴት ትመስለኛለች አሉ፤ እንዳሉትም ሴት ሆነች። ኢማሙ ማሊክ በሙወጦእ ዘግበውታል።

ልብ በሉ፤ ሰጪው አቡበክር ናቸው። ተቀባይዋ አዒሻ ናት። ቃላቸውን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ቢሆንም ያልተረከበችው ተምር ወደ ውርስ ተመለሰ፤ ገና ያልተወለደች ሕፃን እንኳ ድርሻ ነበራት። አብዛኞቹ ዑለማዎች ከዚህና ከመሰል ማስረጃዎች ተነስተው፣ በሕይወት እያሉ የሚሰጡት ስጦታ ሰጪው ከመሞቱ በፊት ካልተረከቡት ለወራሾች እንደሚሆን ተናግረዋል። በፊቅህ ርክክቡ «ቀብድ» ይባላል፤ ገበያ ላይ ቀብድ ከምንለው ቅድሚያ ክፍያ ጋር እንዳትቀላቅሉት። የወንድማችን ቴክስት ቀብድ አይደለም፤ ሐሳቡን መናገሩ ነው። («ለአላህ ተስያለሁ» ብሎ በራሱ ላይ ግዴታ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ነዝር ይሆን ነበር፤ እሱ የራሱ ሕግ አለው። ጠይቄዋለሁ፣ አልተሳለም።)

ታዲያ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት? የለበትም። ሸሪዓችን ለዚህ ወካላን ደንግጎልናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዑርወቱል ባሪቂ አንድ ዲናር ሰጥተው በግ እንዲገዛላቸው ላኩት። እሱ በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፣ አንዱን በዲናር ሸጠና በግም ዲናርም ይዞ ተመለሰ፤ እሳቸውም በንግዱ በረካ እንዲኖረው ዱዓ አደረጉለት። ሰው በሌለበት ንብረቱን በታመነ ሰው እጅ ማንቀሳቀስ ይቻላል።

የሚኖርበት አገር ሕግም በር ከፍቶለታል። የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ያለ ክፍያ የሚያገለግል የሕግ ክፍል አለው። እዚያ ሄዶ፣ እህቱ ይቺን መኪና ለበጎ አድራጎት እንድታስተላልፍና የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ማለትም ታይትሉን፣ በሱ ቦታ እንድትፈርም ልዩ ውክልና ይስጣት። በጥቅሉ «ንብረቴን ታስተዳድርልኝ» ከማለት የመኪናዋን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥር ጠቅሶ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ቢወክላት ለሱም ለሷም ይሻላል። መኪናዋ የባንክ ዕዳ ካለባት መጀመሪያ ዕዳው ይከፈል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙዎች «ውክልና ሰጥቻለሁ፣ ብሞትም ይፈጸማል» ብለው ይዘናጋሉ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ በፊቅህም እንዲሁ ነው፣ በአሜሪካም ሕግ እንዲሁ ነው። ከሞት በኋላ እንዲፈጸም የሚፈልገውን በወሲያ ይጻፍ። ወሲያ ደግሞ ወራሽ ላልሆነ ሰው ወይም ለበጎ ሥራ፣ ከሀብቱ እስከ ሲሶ ድረስ ነው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ታሞ ሳለ ብዙውን ሀብቱን ሊሰጥ ሲጠይቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሶ ላይ አቆሙት፤ ሲሶውንም ብዙ ነው አሉት። ተልዕኮ ላይ ያለ ሰው ወሲያ ይጻፍ ብሎ መምከር ሟርት አይደለም። ቤቱ ተኝቶ የሚያድረውም ታዟል።

እህትየዋ ደግሞ «እኔ ተላላኪ ነኝ» እንዳትል። ታማኝ ገንዘብ ያዥ የታዘዘውን ሳያጎድል፣ በደስታ፣ ለተባለው ሰው ካደረሰ ከሁለቱ ሰደቃ ሰጪዎች አንዱ እንደሚሆን በሐዲስ መጥቷል። መካኒክ የምትጠራው፣ ወረፋ የምትይዘው እሷ ናት፤ አጅሩ ውስጥ አለችበት።

ለማን ትሰጥ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአንሷሮች መካከል ተምር ሲደርስ ዘለላውን ለድሆች መስጊድ ውስጥ የሚሰቅሉ ነበሩ። አንዳንዱ ግን የተበላሸውን አምጥቶ ይሰቅል ነበር። በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህ ጉዳይ እንደሆነ አል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ ነግሮናል፤ ለናንተ ቢሰጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካልሆነ የማትቀበሉትን ለይታችሁ አትስጡ የሚል መልዕክት ነው። ያረጀ መኪና መስጠት ነውር አይደለም። ፍሬኑ እንደማይሠራ እያወቁ «ደህና ናት» ብሎ ለአንዲት እናት መስጠት ግን ሰደቃ ሳይሆን አደጋ ነው። ጉድለቷ ይነገር፤ የሚጠገን ከሆነ ይጠገን።

በማስታወቂያ መኪና የሚሰበስቡ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ጎትተው ወስደው በጨረታ ይሸጣሉ፤ አገናኙ ድርሻውን ይወስድና የተረፈው ለበጎ ሥራ ይውላል። ሐላል ነው፣ አልቃወምም። ቢሆንም በአካባቢው አውቶቡስ የማይደርስበት ሥራ ያገኘ አዲስ ስደተኛ ቤተሰብ ካለ፣ ያቺ ኮሮላ ለሱ ደሞዝ ናት። መስጊዱ ሽማግሌዎችን ለሶላት የሚያመላልስበት ካጣም ወቅፍ ትሁን። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ጥሩሩንና የጦር መሣሪያውን በአላህ መንገድ ወቅፍ ማድረጉን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስክረውለታል፤ ብዙ ዑለማዎችም የሚንቀሳቀስ ንብረት ወቅፍ መሆን እንደሚችል ከዚህ ወስደዋል። ኻሊድም ወታደር ነበር።

ስለ ታክስ ቅናሹም ጠይቋል። ሕጉ የፈቀደውን መውሰድ አጅሩን አያጠፋም፤ የሰጠው ለቅናሹ ብሎ ካልሆነ። ለግለሰብ ከሰጠ ግን ቅናሽ የለውም፤ ለታወቀ ድርጅት መሆን አለበት። ከ2005 ወዲህ ደግሞ ድርጅቱ መኪናዋን ከሸጣትና የሚጠየቀው ቅናሽ ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ባብዛኛው ማስመዝገብ የሚቻለው የተሸጠችበትን ዋጋ ብቻ ነው። በ900 ዶላር የተሸጠችን መኪና 4,000 ብሎ መሙላት ውሸት ነው፤ ሰደቃን ከውሸት ጋር ባንድ ወረቀት አትጻፉ።

አባቱን በተመለከተ። የሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ እናት የሞተችው እሱ ከቤት ርቆ ሳለ ነበር። ሲመለስ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ፣ በሷ ስም ብመጸውት ይጠቅማታል ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አሉት። ሰዕድ ምን አደረገ? ተምሩ እስኪደርስ አልጠበቀም፣ «አስቤበታለሁ» ብሎም አልሄደም። እዚያው በቆመበት፣ አል-ሚኽራፍ የተባለው የአትክልት ቦታዬ በሷ ስም ሰደቃ ነው ብሎ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር አደረጋቸው።

ጁሙዓ ሙባረክ።