ስለ ምርመራ ዋዜማ ጭንቀት

የታወቀ መከራ መጠን አለው፤ ያልታወቀው ግን ልብ በፈቀደው መጠን እየገዘፈ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው በሽታውን ካወቀበት ቀን ይልቅ ለማወቅ በሚጠባበቅበት ቀን አብዝቶ ይጨነቃል። በጡትዋ እብጠት አግኝታ፥ ናሙና ተወስዶ ይመርመር የተባለች ሴት ጭንቀትዋ ይህ ነው። እንግዲህ መፍራትዋ የእምነት ጉድለት ነውን? ብለን እንጠይቅ።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን፥ በጌዴኦ ምድር በወርቃ የምትኖር አንዲት እናት በአሳባችን እንመልከት። ቡና ለቅማ፥ እንሰት ፍቃ ልጆችዋን ታሳድጋለች። አንድ ቀን ስትታጠብ በጡትዋ ውስጥ ጠጣር ነገር እጅዋ ይነካል። ስላላመማት ዝም ትላለች፤ ለባልዋም መንገር ታፍራለች። ወደ ዲላ እንዳትሄድ የቡናው ለቀማ አለ፤ ከዚያ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢልኳትስ ልጆቹን ማን ይጠብቅላታል? እንዲህ ስትል ወሮች ያልፋሉ፤ ፍርሃት በሥራ ብዛት ይሸፈናልና።

ምርመራው ግን በአሳብዋ እንደ ሣለችው አይደለም። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጥቂት ይቀዳል፤ ወይም ቦታውን አደንዝዞ ወፈር ባለ መርፌ ቅንጣት ሥጋ ይወስዳል። ናሙናውም በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች የሚበዙት ነቀርሳ አይደሉም። ነገር ግን በሀገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ነቀርሳዎች ቀዳሚው የጡት ነቀርሳ ነውና፥ እብጠት ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። ብረት ከነካው ይሰፋል የሚሉ አሉ፤ በሽታውን የሚያሰፋው መዘግየት እንጂ መርፌው አይደለም።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ የቅድስት ማክሪናን ታሪክ ያነሣ ይሆናል። በ379 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ያረፈችው ይህች ቅድስት በጡትዋ እብጠት በወጣባት ጊዜ ገላዋን ለሐኪም ማሳየት አፈረች። እናትዋ ብትለምናትም እርስዋ በጸሎት ተግታ፥ እናትዋ በትእምርተ መስቀል ብታማትብባት ተፈወሰች፤ ይህን የጻፈው ወንድምዋ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። ነገር ግን ተአምር የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ ሰው የሚያዝዘው አይደለም። ሌላው ወንድምዋ ቅዱስ ባስልዮስም ሕክምና ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን አስተምሮአል፤ በቂሳርያም ድውያን የሚታከሙበት ቤት ሠርቶአል። ተአምርና ሕክምና በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል። በእኛም ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ ማስተማራቸው ይታወሳል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጌታችን ስለ እኛ በተዋሐደው ሥጋ በጌቴሴማኒ ተጨነቀ። ስለዚህ ጭንቀትን ብቻውን ኃጢአት ነው ልንል አንደፍርም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ያደረገውን እናስተውል፤ ጭንቀቱን በጸሎት ለአባቱ አቀረበ፤ ደቀ መዛሙርቱ ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ጠየቀ፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደሚጠብቀው ሄደ። ፍርሃት የሚጎዳው ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ሲያስቀር ነው፤ አንደበትን ከጸሎት ሲዘጋ፥ ሰውን ብቻውን ሲያስቀር፥ እግርንም ሲያስር።

ስለዚህ የንስሐ አባት ሆይ፥ የተጨነቀችውን እምነት ጎደለሽ ብለህ አትገሥጻት፤ ምንም የለብሽም ብለህም የማታውቀውን ተስፋ አትስጣት። ጸልይላት፥ ቀጠሮዋን ጠይቃት፥ የምታምናት ሴት አብራት እንድትሄድ አድርግ። ማኅበርተኞችም ቡናዋን ይልቀሙላት፤ ልጆችዋን ይጠብቁላት። አንቺም እኅታችን፥ ፍርሃትሽ እስኪያልፍ አትጠብቂ፤ ፍርሃትሽን ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱ መልካም ቢሆን እናመሰግናለን፤ ክፉም ቢሆን በጊዜ መታወቁ ለሐኪሙ እጅ መንገድ ይከፍታል፤ በሁለቱም እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ነው።