የአብራሪው ሁለተኛ ሙያ

በሙያው የተከበረና ደመወዙ የሚበቃው አውሮፕላን አብራሪ፣ በዕረፍት ቀናቱ ሌላ ዲግሪ ለመያዝ ቢመዘገብ፣ ይህ በመግቦተ እግዚአብሔር አለመታመን ይባላልን? ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ስላስተማረን፣ ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ አርቆ ማየትን ከአስተዋይነት ክፍሎች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። የሚነቅፈው ጊዜውን ያልጠበቀውን ጭንቀት ነው። ጉንዳን በበጋ ስለምትሰበስብ አትነቀፍም። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል፤ በእጁ ሥራ መኖሩም ማንንም ሳይፈራ እንዲናገር ረድቶታል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ነፃነት አብራሪውን በቀጥታ ይመለከተዋል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት የአየር መንገድ አብራሪ ቢያንስ በየ12 ወሩ፣ 60 ዓመት ካለፈው ደግሞ በየ6 ወሩ የጤና ምርመራ ያደርጋል፤ 65 ሲሞላው ከዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ይሰናበታል። መምህሩን ከማስተማር የማያግድ የልብ ምት መዛባት አብራሪውን ከበረራ ሊያግደው ይችላል። እንግዲህ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ሕመሙን ከሐኪሙ ለመሰወር ቢፈተን ምን ይደንቃል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከአልፕስ ተራሮች ጋር አላትሞ 150 ሰዎች አለቁ። የፈረንሳይ መርማሪዎች በ2016 ባወጡት ዘገባ፣ ሕመሙን ላለመግለጹ የበረራ ፈቃዱን የማጣት ፍርሃትንና ለሚቋረጠው ገቢ መድን ያለመኖሩን ጠቅሰዋል። በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሁሉ ያስፈራል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ ማንንም አይጐዱም። ነገር ግን የእንጀራ ፍርሃት የኅሊናን አፍ እንደሚዘጋ ከዚህ እንረዳለን። ሁለተኛው ሙያ እውነትን ለመናገር የሚያስችል ከሆነ፣ የእምነት ጕድለት ሊባል አይገባውም።

የትኛው ትምህርት ይመረጥ? የአቪዬሽን አስተዳደር መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ በረራ በተቋረጠ ጊዜ፣ በብዙ አገር አብራሪውም በምድር ያለው የአየር መንገድ ሠራተኛም አብረው ሥራ ፈትተዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያን ጊዜ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች መቀመጫ ነቅሎ ጭነት አመላልሷል። ሰው ግን እንደ አውሮፕላን በጥቂት ቀናት ለሌላ ሥራ አይዘጋጅም። ስለዚህ ሒሳብን፣ መምህርነትን ወይም እርሻን የመሰለ፣ ከአየር ማረፊያ ውጭ የሚያኖር ሙያ ይሻላል እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ይኸውም ከበረራ በፊት ያለውን ሌሊት ለጥናት ማዋል ነው። ያ ዕረፍት የአብራሪው ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተቀመጡት መንገደኞችም ነው፤ ከእነርሱ መውሰድ በፍትሕ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ፈተናው ከበረራው ጋር ከተጋጨ የዓመት ፈቃዱን ይውሰድ፤ ፈቃድ ካላገኘም ትምህርቱን አንድ ወሰነ ትምህርት ያቆየው።