የምንመዝነው ሥራን ነው ወይስ ሰውን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በመካከላችን የሌለን ሰው ችሎታ አንሥተን «ይህ ቦታ ይገባታል፤ ለዚያችኛዋ አይገባትም» ብለን ለመፍረድ መብት አለንን? ካለንስ እስከ ምን ድረስ? ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ራሳችን ከሠራነው ስሕተት ነው። ስሕተቱም የተሠራው ማንም ኃጢአት ነው ብሎ በማያስበው ነገር፣ በጨዋታ ወሬ ላይ ነው።

እኛ በአሜሪካ ትምህርታችንን የምንከታተል ጥቂት ጓደኛሞች የኮሌጃችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ነን። ለአገር ቤት አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መረብ ኳስ በዚህ አገር ትንሽ ጨዋታ አይደለም። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1895 የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን የተባለ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በሆልዮክ ከተማ የወወክማ የስፖርት ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለሴቶች የኮሌጅ ስፖርት በር የከፈተው ሕግ በ1972 ወጣ፤ ዛሬ የሚታወቀው የኮሌጆች የሴቶች መረብ ኳስ ሻምፒዮና ደግሞ በ1981 ተጀመረ። ነሐሴ 30 ቀን 2023 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን በእግር ኳስ ስታዲየም ውስጥ ሲጫወት 92,003 ሰው ተመልክቶታል። እንግዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ባለበት ቦታ ምላስም ብዙ መሆኑ አያስገርምም።

የኮሌጅ መረብ ኳስ ውድድር በነሐሴ ተጀምሮ በታኅሣሥ ያልቃል። ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ ባለው ረጅም ጊዜ ደጋፊ የሚያየው ጨዋታ ጥቂት ስለሆነ የሚቀረው ሥራ ክርክር ብቻ ነው። ማን ተመረቀች? ማን ወደ ሌላ ኮሌጅ ትዛወራለች? ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትመጣው አዲሷ ልጅ ስንት ሜትር ትዘላለች? በሚመጣው ዓመት በመጀመሪያ አሰላለፍ የሚገቡት ስድስቱ እነማን ናቸው? እኛም በመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ይዘን፣ የአፍ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ስድስት ክብ እየሣልን፣ ስም እየጻፍንና ስም እየሰረዝን ስንት ምሽት አሳልፈናል።

ክርክሩ በራሱ ክፉ ነው አንልም። እንዲያውም ብዙ ነገር አስተምሮናል። በመጀመሪያ ስድስት ኃይለኛ መቺዎችን የሰበሰበ ሰው ጥሩ ቡድን የሠራ ይመስለን ነበር። በኋላ ግን አንዱ ጓደኛችን «ሰርቩን ማን ሊቀበል ነው?» ብሎ ጠየቀን። ሰርቩ በደንብ ካልተቀበሉት አመቻቺዋ ኳሱን አታገኘውም፤ አመቻቺዋ ካላቀበለች ደግሞ መቺዋ እጇን አንሥታ ትቀራለች። ከዚህም በላይ ቡድኑ የሰርቭ ተራን ከተቃራኒው በወሰደ ቁጥር ስድስቱም ተጫዋቾች በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዘዋወራሉ። ዛሬ መረቡ ሥር ቆማ የምታግደው ረጅሟ ልጅ ጥቂት ቆይታ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ ሊቤሮዋ ትተካታለች። ሊቤሮ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ለብሳ ከኋላ የምትከላከል ናት፤ መረቡ ላይ ዘልላ ማገድ አልተፈቀደላትም። ስለዚህ «የተሻለችው ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «ለምን ሥራ? ከማን አጠገብ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአባቶች ቃል ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ጨዋታ አላየንም።

ታዲያ ስሕተታችን የቱ ላይ ነው? አንድ ምሽት፣ የውድድሩ ዘመን ካለቀ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን ተቀምጠን የሚመጣውን ዓመት አሰላለፍ እንከራከር ነበር። አሜሪካውያን ጓደኞችም ስለነበሩ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። ከተጠባባቂዎቹ አንዷን አነሣን። ባለፈው የውድድር ዘመን በአንድ ጨዋታ ገብታ ሦስት ሰርቮችን በተከታታይ ሳትቀበል የቀረች ናት። ከመካከላችን አንዱ «እጇ እንጨት ነው» አለ፤ ሳቅን። ሌላው «ቦታ ከምታጣብብ ወደ ሌላ ኮሌጅ ብትሄድ ለሁሉም ይሻል ነበር» አለ፤ አሁንም ሳቅን። ስሟንም ከወረቀቱ ላይ በወፍራም መስመር ሰረዝነው።

ልጅቷ ከኋላችን ባለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። ሳህኗን ይዛ ተነሣችና ስታልፍ ቆም አለች። «ሰርቭ መቀበል እንደሚያስቸግረኝ እኔም አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ የምሠራው እሱኑ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ይህን ብላ ሄደች። ለጥቂት ጊዜ ከእኛ አንዱም አልተናገረም። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ሁለታችን በቤተ ሙከራ ክፍል በየሳምንቱ የምናገኛት ልጅ መሆኗ ነው። ስሟን በወረቀት ላይ ስንጽፍ ግን የምናውቃት ሰው መሆኗ አልታወሰንም።

በዚያ ምሽት ስንለያይ እያንዳንዳችን ለራሳችን ምክንያት ፈለግን። ምክንያቶቹን እዚህ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ አንባቢም ሳያስባቸው አይቀርምና።

የመጀመሪያው ምክንያት «በሕዝብ ፊት የሚጫወት ሰው የሕዝብን አስተያየት መቀበል አለበት» የሚል ነው። ሁለተኛው ገንዘብን የሚመለከት ነው። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው በቀጥታ ሊከፍሏቸው ይችላሉ። «ታዲያ የሚከፈለው ሰው አይተችም ወይ?» ይባላል። ሦስተኛው «ካልተስማማት ትዛወር» የሚል ነው፤ ከ2024 ጀምሮ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ደጋግሞ ኮሌጅ መለወጥ ይችላልና።

እነዚህ ምክንያቶች በሙሉ ከንቱ አይደሉም። በሕዝብ ፊት የተሠራ ሥራ በሕዝብ ፊት ቢነገርበት ፍትሕ ነው። ነገር ግን ሦስቱም የሚፈቅዱልን ስለ ሥራው እንድንናገር ብቻ ነው። ገንዘብ ቢከፈል የተገዛው የልጅቷ ጨዋታ ነው እንጂ ክብሯ አይደለም። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ተጠባባቂዎች ስማቸው በማስታወቂያ ላይ የወጣ አይደሉም። መዛወር የምትችል መሆኗም እኛ እንድናባርራት መብት አይሰጠንም። በሩ የተከፈተው እንድትወጣበት ስትፈልግ ነው፤ እኛ እንድንገፋት አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን ደጋግመን ስናስበው ያጠፋነው በሦስት መንገድ መሆኑ ታየን።

አንደኛ፣ ካየነው በላይ ፈረድን። እኛ ያየነው ሦስት ሰርቮችን ነው። አሠልጣኙ ግን በዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቮችን ስትቀበል ያያታል። በጉልበቷ ላይ ሕመም ይኑር፣ የፈተና ሳምንት ይሁን፣ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ደጋፊ ከዳር ሆኖ የሚያየው ፍሬውን ነው፤ ሥሩን አያይም።

ሁለተኛ፣ ከሥራው ወደ ሰውየዋ ተሻገርን። «ሰርቭ ስትቀበል ክብደቷን ወደ ኋላ ትጥላለች» ማለትና «እጇ እንጨት ነው» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሊታረም የሚችል ጉድለትን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ግን ልጅቷን ራሷን ጉድለት ያደርጋታል። የሚያስቀን ሁልጊዜ ሁለተኛው መሆኑንም ልብ እንበል። ሳቁ ራሱ መሻገራችንን የሚነግረን ምልክት ነበር።

ሦስተኛ፣ ያለ ኃላፊነት ፈረድን። አሠልጣኝም «አንቺ በመጀመሪያው አሰላለፍ አትገቢም» ይላል። ከእኛ ይልቅ ከባዱን ፍርድ የሚሰጠው እርሱ ነው። ነገር ግን ፊት ለፊት ይነግራታል፤ ምክንያቱን ያስረዳታል፤ በማግስቱ ጠዋት ኳስ ይዞ አብሯት ይቆማል፤ ፍርዱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው። እኛ ግን ብንሳሳት ወረቀቱን ጨብጠን ከመጣል በቀር የምንከፍለው ዕዳ የለንም። ዕዳ የሌለበት ፍርድ ደግሞ ይቀላል፤ ስለሚቀልም ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መመለስ ያስፈልጋል። «እንግዲያው ዝም እንበል ወይ? ሁሉም ጥሩ ናት፣ ሁሉም ትሰለፍ እንበል?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በሜዳው ላይ የሚቆሙት ስድስት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ከገባች ሌላዋ ትቀመጣለች። ይህን የሚደብቅ ደግነት ውሸት ነው። ተጫዋቿም እንዲህ ያለውን ደግነት አትፈልገውም፤ ጉድለቷን ከማንም በፊት ራሷ ተናግራዋለችና። እኛ የምንለው «ማን ትሰለፍ?» የሚለው ጥያቄ የተገባ ነው፤ «ማን ትጣል?» የሚለው ግን የተገባ አይደለም ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስድስት ስም ሊሰጡን ይችላሉ። በልብ ላይ የሚተዉት ነገር ግን የተለያየ ነው።

በእርግጠኝነታችንም ላይ ጥቂት ብንቀንስ አይጎዳንም። በታኅሣሥ 2024 በብሔራዊው ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ነብራስካ ፔን ስቴትን ሁለት ለዜሮ ይመራ ነበር። ጨዋታው ያለቀ የመሰለው ብዙ ሰው ነው። ፔን ስቴት ግን ሦስቱን ዙሮች በተከታታይ ወስዶ ወደ ፍጻሜ አለፈ። በሌላው በኩል ያለፈው ሉዊቪል ዋና መቺው በግማሽ ፍጻሜው ቁርጭምጭሚቷን ተጎድታ ስለነበር ለፍጻሜው ጨዋታ ያለ እርሷ መሰለፍ ግድ ሆነበት። ዋንጫውን ፔን ስቴት ወሰደ። አሠልጣኟ ኬቲ ሹማከር-ካውሊ በዚያው የውድድር ዘመን የጡት ካንሰር ሕክምና እየተከታተለች ቡድኗን የመራች ናት፤ ይህን ሻምፒዮና ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት አሠልጣኝም ሆናለች። ይህን ሁሉ ከዓመት በፊት በወረቀት ላይ የጻፈ ደጋፊ ይኖራል ብለን አናምንም። አሰላለፍ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ዛሬ የተቀመጠችው ነገ ትፈለጋለች።

ከልጅቷ ጋር የነበረንን ነገር ሳንጨርስ ብንተወው ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራው በር ጠብቀን ይቅርታ ጠየቅናት። «ይቅር ብያችኋለሁ» አለችን። ቀጥላም «ነገር ግን ሰርቭ ልቀበል ስቆም ሳቃችሁ ይሰማኛል» አለች። ምን እንደምንመልስ አላወቅንም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም የሚለውንም ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ወጊዎቹ እኛ ልንሆን እንደምንችል ግን ጠርጥረን አናውቅም ነበር። ልጅቷ እስከ ዛሬ ከተጠባባቂዎቹ አንዷ ናት። እኛም ክርክራችንን አልተውንም። ነገር ግን አንድ ልማድ አወጣን፦ ስለ አንዲት ተጫዋች የምንናገረውን፣ አጠገባችን ወንበር ስባ ብትቀመጥ የምንደግመው ካልሆነ አንናገረውም። በዚህ ልማድ ምክንያት ሳቃችን ቀንሷል፤ ስለ ጨዋታው ያለን ዕውቀት ግን ጨምሯል።

ውድ አንባቢያን፤ ምናልባት ከእናንተ ብዙዎቹ የኮሌጅ መረብ ኳስ አይታችሁ አታውቁም። ይሁን እንጂ እኛም ብንሆን ያለ ወረቀትና ያለ ክብ ሰው የምናሰልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ለበዓል መዝሙር ማን ይመራል? በድራማው ማን ይጫወታል? ለሚመጣው ዓመት ኮሚቴ ማን ይመረጣል? እነዚህ ሁሉ መመረጥ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ መመዘናቸውም ግድ ነው። ነገር ግን ከስብሰባው በኋላ ደጅ ቆመን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «እሷ እኮ ድምፅ የላትም»፣ «እሱ እኮ የማይረባ ነው» የምንለውስ? ከኋላችን ማን ተቀምጦ ይሆን?