ወረታ መመለስ

አንድ ዕቃ መልካም የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ብዙ ሰው ቢጠየቅ «ጠንክሮ ብዙ ዘመን ሲኖር ነው» ይላል። ለእኔ ግን ይህ መልስ የእውነት ግማሽ ይመስለኛል፤ ምክንያቴንም በወረታና በፎገራ ሜዳ በሚታወቁ ሦስት ዕቃዎች ላስረዳ።

የመጀመሪያው በጣና ዳር ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ታንኳ ብዙ አይቈይም፤ ውሃ እየጠጣ ይከብድና ይበሰብሳል። ነገር ግን በበሰበሰ ጊዜ ተመልሶ አፈር ይሆናል። ሁለተኛው የገበሬው ማረሻ ነው። ማረሻ ሲዶለዱም ወደ ባለ እጁ ይሄዳል፤ በእሳት ግሎና ተቀጥቅጦ እንደገና ለሥራ ይበቃል። ሦስተኛው በገበያ ሽንኩርት ሲቋጠርበት የኖረው ፌስታል ነው። እርሱ ለአንድ ሰዓት ካገለገለ በኋላ እንደ ደንገል አይበሰብስም፤ እንደ ማረሻም ወደ ሠሪው አይመለስም። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል፤ አስቀድሞ በየማሳው የተጣለውን ግን አዋጅ አያነሣውም።

ዛሬ «ዘላቂ ንድፍ» የሚባለው ትምህርት ከዚህ ጭንቀት የተወለደ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ቪክቶር ፓፓኔክ የተባለ የንድፍ ዐዋቂ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዓለም በማይረባ ዕቃ ስለ መሞላቷ ነዳፊዎችን ራሳቸውን ወቀሰ። በ1987 በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን፥ የዛሬ ሰው ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ ድርሻ እንዳይነጥቅ አሳሰበ። በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው አርክቴክት ዊልያም ማክዶናና ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚካኤል ብራውንጋርት፥ ዕቃ ሁሉ ሲያረጅ ወይ የአፈር ምግብ እንዲሆን፥ ወይ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ እንደገና እንዲሠራ ከመጀመሪያው ይታሰብበት ሲሉ ጻፉ። አንባቢ ሆይ፥ አንዱ ታንኳ፥ ሁለተኛው ማረሻ አይደለምን?

ሆኖም የጥንቱን እያመሰገኑ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ታንኳ መልካም የሚሆነው ደንገል እስካለ ድረስ ነው። በፎገራ ግን የሩዝ እርሻ እየሰፋ በሄደ ቍጥር እንደ ሸሸርና ወላላ ያሉት ረግረጎች ጠበዋል። ሩዙን አልነቅፍም፤ ብዙ ቤተ ሰብ መግቧልና። የተራበውን ሰው «ለደንገሉ ስትል ታገሥ» ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን የአንድ ዕቃ መልካምነት ካበቀለው ምድር ተለይቶ አይመዘንም፤ እንጀራና ረግረግ አብረው የሚኖሩበትን ዘዴ መፈለግም ራሱ የንድፍ ሥራ ነው።

«ወረታ» የሚለው ቃል በቋንቋችን የውለታ ምላሽ ማለት ነው። ይህን ምድር ላቆዩልን ለቀደሙት ወረታቸውን ልንመልስ አንችልም፤ እነርሱ አልፈዋል። ልንመልስ የምንችለው ገና ላልተወለዱት ነው። ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ ቤት ስትሠራም ሆነ ዕቃ ስትገዛ «ዋጋው ስንት ነው?» ካልህ በኋላ «ሲያረጅስ ወዴት ይሄዳል?» ብለህ ጨምረህ ጠይቅ። ያልተወለደ ሰው ገበያ ወጥቶ ሊከራከርህ አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚከራከርልህ ኅሊናህ ብቻ ነው።